በገበታው መሃል ያለ ጫካ

ኖቬምበር 4፣ ሰኞ

የጓሮውን ቅጠል ጠርጌ ጨረስኩ። የጣራውን አሸንዳ አጸዳሁ። ማታ ውርጭ ይወርዳል ስላሉ የአትክልቱን ጎማ ጠቅልዬ ጋራዥ አስገባሁ። የምድጃው እንጨት ይቀራል... ነገ።

ባለቤቴ ዶሪን ጠዋት ጥቂት አጃ ቀመሰች። ምሳ ላይ አፏን ገጠመች። ማታም እንዲሁ።

ኖቬምበር 6፣ ረቡዕ

ፓውላ መጣች። ረቡዕ ረቡዕ ቤት ለቤት እየዞረች የምታይ ነርስ ናት። ዶሪንን መዘነቻት። ፊቷ ላይ ምንም አላሳየችም። ስትወጣ ግን በዓይኗ ወደ በረንዳው ጠራችኝ።

«አቶ ታስከር፣ ባለቤትዎ እንደገና ቀንሰዋል።»

«ጉሮሮዋ ነው?»

«ጉሮሯቸው ደህና ነው። ሆስፒታል ተመርምረዋል፤ ለስላሳ ምግብ መዋጥ ይችላሉ። አቅቷቸው አይደለም የማይበሉት።»

አቅቷት ካልሆነስ ምን? እሷም አላለችው፣ እኔም አልጠየቅኩም።

ስትሮኩ የመታት ኦገስት ላይ ነው። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አይታዘዟትም። የፊቷ ቀኝ ጎን ወርዷል። ሁለት ቃል ብቻ ቀርቷታል፤ «አይ» እና «እሺ»። «እሺ»ን ከሰማሁ ሰነበትኩ።

ፓውላ መኪናዋ ውስጥ ከገባች በኋላ መስኮቱን አወረደች። «እንዲህ ከቀጠለ ሐኪሙ በሆዳቸው በኩል ቱቦ እናስገባ ማለቱ አይቀርም። ከምስጋና ቀን በዓል በኋላ ቀጠሮ ይይዙላችኋል። ከአሁኑ ቢያስቡበት ብዬ ነው።»

የዶሪን እናት በቱቦ ኖራለች። ሁለት ክረምት። ያኔ ጠይቀናት ስንመለስ ዶሪን መኪና ውስጥ ጭንዬን ያዝ አድርጋ «እኔን እንዲህ እንዳታደርጉኝ። ሰማኸኝ ኤልዊን?» አለችኝ። «ሰማሁ» አልኳት። መንገዱ በረዶ ነበር፤ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር።

ኖቬምበር 9፣ ቅዳሜ

ሄዘር ከቦስተን ደወለች። ልጃችን ለምስጋና ቀን ብቻዋን ትመጣለች፤ ባሏ እናቱ ጋ ይውላል። እናቷን አገናኘኋት። ዶሪን ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ ዝም አለች። ከስልኩ ውስጥ የልጅቷ ድምፅ ሲያወራ፣ ሲያወራ ቆይቶ ቆመ።

«አባዬ፣ ቱቦውን እኔ እደግፋለሁ» አለችኝ በኋላ። «በረሃብ ስትሞት ቆሜ አላይም። አንተ ታያለህ?»



ማታ አንድ ነገር መጣልኝ። ዶሪን በየዓመቱ የምስጋና ቀንን ገበታ የምታስጌጠው ራሷ ነበረች። አንድም ነገር አትገዛም፤ ከጫካው ያልመጣ ገበታዋ ላይ አይወጣም። ኦክቶበር ሲገባ ጀምራ ኪሷ በኦክ ዛፍ ፍሬና በቅርፊት ይሞላል። የመኪናችን ወለል ጫካ ይሆናል። እኔ እነጫነጫለሁ...

እኔ ብሠራውስ? ጀምሬ ባሳያት፣ አይታ እጇን ቢበላት? አንድ ነገር ከፈለገች... አንድ ነገር መፈለግ ከጀመረች፣ ምናልባት ምግብም...

ሌላ ዘዴ የለኝም።

ኖቬምበር 11፣ ሰኞ

የአደን ወቅት ሳይገባ ብዬ ጠዋት ጫካ ወጣሁ። ጎረቤታችን ሄለን ዶሪን ጋ ተቀመጠችልኝ። የነጭ ጥድ ፍሬ፣ የኦክ ፍሬ ከነቆቡ፣ ከወደቀ ግንድ ላይ የተላጠ ነጭ ቅርፊት፣ ከቅርንጫፍ የተንጠለጠለ የዛፍ ሽበት። ሁሉንም በየከረጢቱ ለየሁ።

የጥድ ፍሬ እንዲሁ ቤት አይገባም፤ ውስጡ ነፍሳት ተኝቶበታል፣ ሙቀት ሲያገኝ ይነሣል። ዶሪን ሁልጊዜ ኦቭን ውስጥ በለዘብታ ታደርቀው ነበር። እኔም እንደዚያው። ሙጫው ሲሞቅ ቤቱ ሁሉ ሸተተ፤ የተዘጋው ፍሬ አንድ በአንድ እየተከፈተ ጠጠር እንደሚወረውር ሰው ጣ፣ ጣ ይላል። ዶሪን አንገቷን አዞረች። በግልጽ አየሁ፤ አንገቷን ወደ ኦቭኑ አዞረች።

ኖቬምበር 13፣ ረቡዕ

ሠራሁት። ቅርፊቱን ዘርግቼ፣ የዛፍ ሽበቱን አልብሼ፣ ትልልቁን ፍሬ መሃል፣ ትንንሹን ወደ ጠርዝ። በሕጓ መሠረት ዝቅ ያለ። ሕጓ ይኼ ነበር፤ ክርንህን ጠረጴዛው ላይ ታቆማለህ፣ ከጡጫህ ከፍ የሚል ነገር መሃል አይቀመጥም። «ሰው ፊት ለፊት ካልተያየ ምኑን አብሮ በላ?» ትላለች። አንድ ዓመት የቄሱ ሚስት ረጅም አበባ ይዛ ብትመጣ ዶሪን አመስግና ተቀብላ መታጠቢያ ቤት አስቀመጠችው።

ክርኔን አቁሜ ለካሁ። ልክ ነው። ፊቷ አቀረብኩላት።

«አይ።»

«ምኑ ነው? ቀለሙ ነው?»

«አይ።»

«ሽበቱ በዛ?»

«አይ።»

በግራ እጇ ገፋ አደረገችው። በቁጣ አይደለም። የተማሪ ደብተር አርሞ እንደሚመልስ ሰው።

ፓውላ መዘነቻት። ቀንሳለች።

ኖቬምበር 16፣ ቅዳሜ

አደን ዛሬ ተከፈተ። ገና ጎህ ሳይቀድ ተኩስ ሰማሁ። ቨርን ብርቱካናማ ሰደርያ ይዞልኝ መጣ። ከመንገዱ ማዶ ላሞች ያረባል፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የምስጋና ቀንን ከእኛ ጋር ነው የሚውለው። ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምሬዋለሁ። ሁለት ጊዜ። ፀጉሩ ሸብቶም «እርስዎ»ን አልተወም።

«መምህር፣ በዚህ ቡናማ ኮት ጫካ ከገቡ የኔው ወንድም አጋዘን መስለውት ይጥልዎታል። ደግሞ እሱን ያውቁታል፤ ከተኮሰ በኋላ ነው የሚያየው።»

«እሱንም ሁለት ዓመት ነው ያስተማርኩት።»

«ታዲያ ምክንያት አለው ማለት ነው።»

ዶሪን ወደተቀመጠችበት አየት አድርጎ ባርኔጣውን አወለቀ። «ወይዘሮ ታስከር፣ እንደምን አደሩ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ቨርን ባርኔጣውን እያሽከረከረ ትንሽ ቆሞ ወጣ።

ከሰው ሁሉ ፊቷን ትመልሳለች። ከእኔም መመለስ ጀምራለች።

ኖቬምበር 17፣ እሁድ

ቀለም ነው የጎደለው ብዬ ደመደምኩ። ረግረጉ ዳር የሚበቅለው ቀይ ፍሬ አለ፤ ቅጠሉ ረግፎ ፍሬው ብቻውን እንጨቱ ላይ የሚቀር። ዶሪን ያለ እሱ ገበታ አታውቅም። ሰደርያዬን ለብሼ ሄድኩ። ስስ በረዶ ከላይ፣ ጭቃ ከታች። እስከ ጉልበቴ ገባሁ። አንድ ጫማዬ እዚያው ቀርቷል።

ወደ ቤት በአንድ ጫማና በአንድ ካልሲ ተመለስኩ። በዚህ ዕድሜ! ድሮ ቢሆን ዶሪን ስቃ ስቃ ወንበር ትይዝ ነበር። ዛሬ እግሬን አየች፤ ዓይኗ ትንሽ ቆየ። በቃ።

ቀዩን ፍሬ በሽበቱ መሃል ሰካሁት። አማረ፤ እውነቱን ለመናገር አማረ።

«አይ።»

ይኼኛውን ከጠረጴዛው ገፍታ ጣለችው። ፍሬው ወለሉ ላይ ተበተነ። ለቀምኩት። ጣቶቼ በብርዱ አልታጠፍ ብለው ብዙ ቆየሁ።

ኖቬምበር 20፣ ረቡዕ

የድሮ ፎቶ አወጣሁ። ሄዘር ዩኒቨርሲቲ የገባች ዓመት የነበረው ገበታ። ጥርት ብሎ ይታያል። ያንኑ ራሱን ገለበጥኩ፤ ፍሬ በፍሬ፣ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ። ከጎኑ ፎቶውን አስቀመጥኩ። እንዳትስት ብዬ። ሞኝ።

ፎቶው ላይ ዶሪን ከገበታው ጀርባ ቆማ ትስቃለች። ቀጥ ያለ ፊት። ሙሉ ከንፈር።

አየችው። ከዚያ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። ከግራ ዓይኗ የሚወርደውን በግራ እጇ ጠረገች። የቀኙን እኔ ልጠርግ ስል እጄን መታችኝ።

ፓውላ ሚዛኑን ነገረችኝ። ቀጠሮው ተይዟል፤ ዲሴምበር 2፣ ሰኞ።

ኖቬምበር 21፣ ሐሙስ

ሁለት ማንኪያ እርጎ። ጫካም አልሄድኩ። ምንም።

ኖቬምበር 23፣ ቅዳሜ

ዛሬ ጠየቅኳት። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ ግራ እጇን ይዤ።

«ዶሪን፣ መሞት ነው የምትፈልጊው?»

ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«አይ» አለች።

ግን ለሁሉም ነገር «አይ» ነው የምትለው። ለአጃው «አይ»። ለመስኮቱ «አይ»። ለእኔም። ታዲያ ይኼኛውን «አይ» እንዴት ልቁጠረው? ብገለብጠው ብዬ «መኖር ነው የምትፈልጊው?» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች።

ዕድሜዬን ሙሉ ልጅ መልስ ሲያጣ ጥያቄዬን ነው የማስተካክለው። አሁን ጥያቄው አለቀብኝ።

የሽበቱን፣ የፍሬውን፣ የቅርፊቱን ከረጢት ሁሉ ሰብስቤ ከእንጨት ቤቱ ኋላ ደፋሁት። ሄዘር ትክክል ልትሆን ትችላለች። ቱቦው ይግባ። ቃሌን ልብላ፣ ትኑርልኝ። እንደዚያ ብዬ ጸለይኩ። ወዲያው ደግሞ ጸሎቴን አትስማው አልኩ... ሰው እንዲህም ይሆናል።

ኖቬምበር 24፣ እሁድ

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጠዋት ለበሩ የሚሆን ነገር ልቁረጥ ብዬ ከቤታችን ጀርባ ወጣ አልኩ። የገበታውን ነገር ትቼዋለሁ፤ ሄዘር ስትመጣ በሩ ባዶ እንዳይሆንባት ብቻ። ጫካው ራቁቱን ነው። ቢች የሚባለው ዛፍ ብቻ ቅጠሉን አልጣለም። እሱ ቅጠሉ ደርቆ፣ እንደ ወረቀት ሳስቶ፣ የገለባ ቀለም ይዞ እስከ ጸደይ አይለቅም። ክንዴ የቻለውን ያህል ቆረጥኩ፤ ርዝመቱ እኔን ያህላል።

ተሸክሜ ገብቼ ኩሽና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ዶሪን በተሽከርካሪ ወንበሯ እዚያው ነበረች። ከፊቷ ለስልሶ የተፈጨ እንቁላልና በወተት የራሰ ዳቦ፤ ከጠዋት ጀምሮ አልነካችውም። ላነሣው ስል ውጭ የመኪና ጥሩምባ ተነፋ። ቨርን።

ስትበላ ብቻዋን እንዳትተው ተብያለሁ፤ ቢያንቃትስ ብለው። ከኦገስት ጀምሮ አንዲት ጉርሻ ያለ እኔ አልጎረሰችም። ግን መቼ በላችና? ወጣሁ።

መኪናው ላይ ትልቅ ወንድ አጋዘን።

«መምህር፣ የቀንዱን ቅርንጫፍ ይቁጠሩልኝ። እኔ ሒሳብ እንደማልችል ያውቃሉ።»

«ስምንት።»

«ስምንት ነው አይደል? እኔም እንደዚያው ደረሰልኝ። ሳልኮርጅ።»

«የት መታኸው?»

«እውነቱን ልንገርዎት ወይስ ወንድሜ ፊት የማወራውን?»

የሚያወራውን ለማስጨረስ ቆምኩ። ከዚያ ወደ በረንዳው ተመለስኩ። እጄን በሩ ላይ አድርጌ በመስተዋቱ ወደ ውስጥ አየሁ።

ቅርንጫፉ እኔ በጣልኩበት የለም። በግራ እጇ ጎትታ፣ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወደ ላይ ከምራው፣ በእሷና በበሩ መሃል አቁማዋለች። ፊቷ አይታይም። ቅጠሉ ግን ይንቀጠቀጣል። በቅጠሉ ክፍተት እጇ ይታየኛል፤ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይወጣል። ይወርዳል፣ ይወጣል።

ትበላለች።

በሩን ከፈትኩ። ለምን ከፈትኩ? እጇ ቆመ። ሁለት እርምጃ ገብቼ ከጎን አየኋት። ሳህኑ ተጋምሷል። እንቁላሉ በቀኝ ከንፈሯ ወርዶ አገጯ ላይ አለ። ስታየኝ በመዳፏ የፊቷን ቀኝ ጎን ሸፈነች። አንገቷን ሰበረች።

ያኔ ገባኝ።

አፍራ ነው። ከሰው ሁሉ አፍራ፤ ከሁሉ በላይ ከእኔ። ሦስት ወር ሙሉ ከፊቷ ተቀምጬ ዓይን ዓይኗን እያየሁ ነው ያበላኋት። የምትውጠውን እያየሁ። የፈሰሰውን በየጉርሻው እየጠረግኩ፣ «ጎበዝ» እያልኩ። ጎበዝ! ለዶሪን። ከዚያ ደግሞ ዝቅ ያለ ጌጥ እየሠራሁ አምጥቼ «በዚህ ማዶ ሁላችን እናይሻለን» እንዳልኳት ነው።

«ቨርን ጋ የረሳሁት ነገር አለ» አልኩና ተመልሼ ወጣሁ። ቨርን ሄዷል። ያለ ኮት በረንዳው ላይ ቆምኩ። ጆሮዬን በሩ ላይ አድርጌ። ቆይቶ ማንኪያው ሳህኑን ሲነካ ሰማሁ።

ኖቬምበር 25፣ ሰኞ

ከባድ የሸክላ ጋን ከምድር ቤት አወጣሁ፤ ጎመን የምንከትበት። እንዳይወድቅ ከታች ድንጋይ፣ በላዩ እርጥብ አሸዋ፣ አፉ ላይ የተጠቀለለ የዶሮ አጥር ሽቦ። ቅርንጫፉ በሽቦው ቀዳዳ ሲገባ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መጀመሪያ ዋናዎቹን፣ ከዚያ መሙያውን። ወፍራሙን ከኋላ፣ ሳሳ ያለውን ከፊት።

ዶሪን በሯ ላይ ሆና ታየኛለች።

ወንበሬን በእሷ ቦታ አድርጌ ከሌላኛው ማዶ ሰው እንዳለ ገመትኩ። ከዚያ ማዶ ዓይኔን ማየት ይችላል። አይበቃም።

«ከፍ ላድርገው?»

ቅርንጫፍ ጨመርኩ።

«አሁንስ? ይበቃል?»

«አይ።»

ጨመርኩ። ጎኑን ሰፋ አደረግኩት። ከቀዩ ፍሬ የተረፈችውን አንዲት ዘንግ አንሥቼ፣ የት ልሰካት እያልኩ ስቆም፣ ወንበሯን በግራ እግሯ እየገፋች መጣች። ዘንጓን ከእጄ ወሰደች። ከራሷ በኩል፣ ማንም በማያይበት ጎን ሰካቻት።

«እንዲህ ይሁን?»

«እሺ» አለች።

እራት በጋኑ ጀርባ በላች። ሾርባ። እኔ በዚህ ማዶ።

ኖቬምበር 27፣ ረቡዕ

ፓውላ በበዓሉ ምክንያት ዛሬ አልመጣችም። ሄዘር ከሰዓት በኋላ ደረሰች። እናቷን ሳመች፤ ዶሪን ደህናውን ጉንጯን ሰጠቻት። ከዚያ ሄዘር መብሊያ ክፍሉን አየች።

«አባዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የገበታው ጌጥ።»

«ይኼ እኮ አጥር ነው።»

«ቅጠል ነው።»

«እማዬን የማላይበት ገበታ ላይ ልቀመጥ ነው ከቦስተን የመጣሁት? ቢያንስ እስካለች ልያት እንጂ።» ኮቷን ሳታወልቅ ከፊት ያለውን ቅርንጫፍ ይዛ ሳበችው። ቅጠሉ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ።

«አይ።»

ዶሪን በሩ ላይ ነበረች።

«እማዬ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ ከጡጫ በላይ አይቀመጥ ያልሽው? እኔ አይደለሁም እኮ።»

«አይ። አይ።» የወንበሯን ክንድ በእጇ ትመታለች። እንዲህ ያለ ጉልበት አለኝ ብላ ያሰበችም አልመሰለኝ። ሄዘር ቅርንጫፉን ለቀቀች።

ወደ እንጨት ቤቱ ወሰድኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ክንዷን አጣምራ ሰማችኝ።

«ከቅጠሉ ጀርባ ብታንቃትስ?»

«እሰማለሁ።»

«ምኑን ነው የምትሰማው?»

«ማንኪያውን። ትንፋሿን። ዕድሜዬን ሙሉ ለክፍል ጀርባዬን ሰጥቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ ከኋላዬ ማን ምን እንደሚያደርግ በጆሮዬ ነበር የማውቀው።»

«ቨርን እኮ ሙሉ ዓመት ካርታ ተጫውቶብሃል። ራሱ ነው የነገረኝ።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወዲያው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። አቀፍኳት። ቀጭን ሆናለች እሷም።

«ነገን እንይ» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «ሰው ባለበት ከበላች እሺ። ካልበላች ግን ሰኞ ቱቦው ይገባል። አንተም አትከራከረኝም። ቃል ግባልኝ።»

ቃል ገባሁላት። ለእናቷ የገባሁት አለ፣ ለእሷ ይኼ... ሁለቱን አንድ ላይ መጠበቅ የሚቻለው ዶሪን ከበላች ብቻ ነው።

ኖቬምበር 28፣ የምስጋና ቀን

ሁሉንም ልጻፍ።

ሄዘር ተርኪ ዶሮውን ከኦቭን አወጣች። ለዶሪን በመረቅ የለሰለሰ የተፈጨ ድንች፣ የተፈጨ ሥጋ፣ ከጣፋጩ የዱባ ፓይ ለስላሳውን መሃል ብቻ። ሁሉንም ፊቷ ደረደርን። እሷ ከጋኑ በዚያ ማዶ፣ እኛ ሦስታችን በዚህ። እኔ ፊት ለፊቷ፣ ወይም ፊት ለፊቷ መሆን በነበረበት ቦታ። ቅጠል ብቻ ነው የሚታየኝ። አርባ አራት ዓመት አብረን በልተን እንዲህ ተቀምጠን አናውቅም።

ቨርን ቆሞ ጌጡን ዞሮ አየው።

«መምህር፣ ጠመንጃዬን ላምጣ? ከዚህ ውስጥ አንድ ትልቅ ነገር ሳይተኛ አይቀርም።»

«ተቀመጥ።»

«አይ፣ ስለ ሥጋው ብዬ ነው።»

እንደ ልማዳችን ከመብላታችን በፊት እያንዳንዱ የሚያመሰግንበትን አንድ ነገር ይናገራል። ቨርን «ስለ አጋዘኑ። ደግሞ ወንድሜ ስለ ሳተው» አለ። ሄዘር ጭንቅላቷን ነቅንቃ ተራዋን ለእኔ አሳለፈች። እኔ «አብረን ስለተቀመጥን» አልኩ። ተራው ከቅጠሉ ማዶ ደረሰ።

ዝም።

ማንም ሹካ አላነሣም። መረቁ ላይ ስብ ሲረጋ እያየሁ ነው። የሄዘር እጅ የእጄን አንጓ ያዘ። ብድግ ብዬ ልያት? በጎን ብዬ አንድ ጊዜ ብቻ... ወንበሬን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ቨርን ጉሮሮውን ጠረገ። «ወይዘሮ ታስከር፣ የክራንቤሪ ማባያውን ወደዚያ አገር ልላከው ወይስ ቪዛ ይጠይቃሉ?»

ከቅጠሉ ጀርባ አንድ ድምፅ ወጣ። አጭር፣ በአፍንጫ። ቤቴ ውስጥ ከበጋ ጀምሮ ያልሰማሁት። ሳቅ ነው። ቀጥሎ ማንኪያ። ቀጥሎ... ሳል።

ሄዘር ወንበሯን ገፍታ ተነሣች። ያዝኳት።

«አባዬ ልቀቀኝ።»

«ቆይ።»

«እየታነቀች ነው።»

«የሚያስል ሰው አየር አለው። የሚያስፈራው ዝም ሲል ነው። ስሚ።»

ሳለች። እንደገና። እርጥብ ሳል፣ ጥልቅ። ልቤ በጆሮዬ ይመታል፤ ከእሱ አሳልፌ ለመስማት ትንፋሼን ያዝኩ። ቢሳሳትስ ጆሮዬ? ልጄን አንጓዋን ጨብጬ፣ ሚስቴ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ... ሳሉ ሳሳ። አንድ ረጅም ትንፋሽ ገባ። ወጣ።

«አይ» አለች ዶሪን ከማዶ። ለሄዘር ነው። ተቀመጪ ማለቷ ነው።

ሄዘር ተቀመጠች። እንባዋ ሳህኗ ላይ ይወርዳል፤ ድንቹን በዚያው ትበላለች። ቨርን ስለ አጋዘኑ ማውራት ጀመረ፣ እኔ ከሰማሁት በጣም በተለየ ሁኔታ፤ ርቀቱም በእጥፍ ጨምሯል። አላረምኩትም። እሱ ያወራል፣ እኔ ከወሬው ሥር የማንኪያውን ድምፅ እከተላለሁ። ይቆማል። ነፍሴ አብራ ትቆማለች። ይቀጥላል።

ስንጨርስ ሳህኗን ሄዘር አነሣች። ድንቹ ግማሽ ቀርቷል። ሥጋው ትንሽ ተነክቷል። ፓዩ የለም።

ሄዘር ሳህኑን ይዛ ኩሽና ውስጥ ብዙ ቆመች። ውሃ አልከፈተችም።

ዲሴምበር 1፣ እሁድ

ሄዘር ዛሬ ወደ ቦስተን ተመለሰች። የነገውን ቀጠሮ አልሰረዘችም። ሐኪሙ ይመዝናት፣ ከዚያ እንወስናለን አለች። ልክ ነች። በጥቂት ቀን ምግብ ሚዛኑ ምን ያህል ይነቃነቃል? አላውቅም። ምናልባት ምንም። ምናልባት ነገ ማታ ይኼን ደብተር ስከፍት ሌላ ነገር እጽፋለሁ።

የቢቹ ቅጠል ከምድጃው ሙቀት የተነሣ እየተሰባበረ ነው። ጠዋት ሰደርያዬን ለብሼ ሄጄ አዲስ ቆርጬ መጣሁ። የአደኑ የመጨረሻ ቀን ነው፤ ከሸንተረሩ ማዶ ይተኩሳሉ። ዶሪን የደረቀውን በግራ እጇ እየነቀለች ትሰጠኛለች፣ እኔ አዲሱን እሰካለሁ። ከምትነቅለው የምታስቀረው ይበልጣል። ቦታውንም የምትመርጠው እሷ ናት።

ቁርስ አጃ ነበር። ጎድጓዳ ሳህኗን በዚያ በኩል አድርጌላት ወደ ወንበሬ ዞርኩ። የጋዜጣ እንቆቅልሼን ዘረጋሁ። አንድም አልሞላሁም።

ማንኪያው ሄደ፣ ሄደ፣ ቆመ። ጠበቅኩ። ትንፋሿ ደህና ነው። ደከማት ይሆን? በቃት ይሆን? ልጠይቅ አፌን ከፍቼ ተውኩት።

ቅጠሉ ተንኮሻኮሸ። ሁለት ቅርንጫፍ ተከፈተና ግራ እጇ ወደ እኔ ወጣ። ባዶ ሳህን ይዟል።

ከድስቱ ጨምሬ መለስኩላት። ቀና ብዬ አላየሁም።